አባ ተስፋ ጽዮን ዘደብረ ሊባኖስ፤ በሮማ ከተማ የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ያሳተሙ መነኵሴ

ደብራችን የኢዮቤልዩን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ሕንጻውን ያቆሙትን አባቶች፥ ታቦቱን በክብር ያስገቡትን ካህናት፥ ከዕለት ጕርሳቸው ከፍለው የረዱትን ምእመናን በጸሎትና በምስጋና ማሰብ የተገባ ነው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን በድንጋይና በእንጨት ብቻ አትቆምም፤ መጽሐፍ ከሌለ ቅዳሴው ይቋረጣል፥ ወንጌሉ አይነበብም፥ ትርጓሜውም መሠረት ያጣል። ስለዚህ በዚህ መታሰቢያ መጽሐፍ ሌሎች ስለ ሕንጻው ሲጽፉ፥ እኔ ደግሞ በአገራችን ብዙ መጻሕፍት በእሳት ከጠፉ በኋላ በባዕድ ከተማ ተቀምጠው የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በማተሚያ ፊደል ስላወጡት ስለ አባ ተስፋ ጽዮን ዘደብረ ሊባኖስ ጥቂት ለመጻፍ ወደድሁ። ስማቸው በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው፤ ሥራቸው ግን ለምእመናን እንደሚገባው አልተነገረም። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዘመን ቍጥር ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

አባ ተስፋ ጽዮን የደብረ ሊባኖስ መነኵሴ፥ ማለት የአባታችን የተክለ ሃይማኖት የቆብ ልጅ ነበሩ። መልሕዞ የሚባል ሌላ ስምም ነበራቸው፤ በሮማ ግን ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ እየተባሉ ይጠሩ ነበር። የተወለዱት በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ነው። ደብረ ሊባኖስ በዚያ ዘመን የእጨጌው መንበር ሆኖ በገዳማት መካከል ከፍ ያለ ክብር ነበረው። በእንዲህ ያለ ገዳም ያደገ መነኵሴ መጽሐፍ ማለት ምን እንደ ሆነ ከልጅነቱ ዠምሮ ያውቃል። ቆዳው ተነክሮ፥ ተወጥሮ፥ ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ ቁም ጸሐፊው መስመሩን አስምሮ፥ ብርዑን ቀርጾ፥ ጥቍሩን ቀለም ለንባቡ፥ ቀዩን ቀለም ለቅዱሳን ስምና ለርእሱ አድርጎ ይጽፋል፤ በምዕራፉ ራስ ላይ ሐረግ ይስላል፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፉ በገበታ ተጠርዞ፥ በቆዳ ተለብጦ፥ በማኅደሩ ይሰቀላል። አንድ ወንጌል ለመፈጸም የብዙ በጎች ወይም ፍየሎች ቆዳና የብዙ ወራት ድካም ያስፈልጋል። እሳት ግን ይህን ሁሉ በአንዲት ሰዓት ይበላዋል።

ይህም በአባ ተስፋ ጽዮን ዘመን በዐይን ታየ። በ1529 ዓ.ም. የዐፄ ልብነ ድንግል ሠራዊት በሽምብራ ኵሬ ላይ በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፥ የአገራችን ሰው ግራኝ በሚለው፥ ድል ከሆነ በኋላ ጦርነቱ አገሩን ሁሉ ሸፈነው። ደብረ ሊባኖስ በ1531 ዓ.ም. ተቃጠለ፤ ብዙ መነኮሳትም ከገዳማቸው ጋር አለቁ። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር ዕቃ ቤቶቻቸው፥ ከዕቃ ቤቶቻቸውም ጋር ብዙ ትውልድ ያጠራቀማቸው መጻሕፍት ጠፉ። ዐፄ ልብነ ድንግል ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተዘዋወሩ ኖረው በ1540 ዓ.ም. በደብረ ዳሞ ዐረፉ። ልጃቸው ዐፄ ገላውዴዎስ ከፖርቱጋል በመጡ ነፍጠኞች ረዳትነት በ1543 ዓ.ም. በወይና ደጋ ድል እስኪያደርጉ ድረስ መከራው አልተፈጸመም። እንግዲህ አባ ተስፋ ጽዮን በባዕድ አገር የሠሩት ሥራ በሰላም ዘመን ለጌጥ የተሠራ ሥራ እንዳይደለ ከዚህ ይታወቃል። ያሳደጋቸው ገዳም ዐመድ ሆኖ ነበር።

የኢትዮጵያ መነኮሳት ወደ ሮማ መሄድ የዠመሩት ግን በዚህ ጦርነት ምክንያት አይደለም። በኢየሩሳሌም የነበሩ የአገራችን ሰዎች በ1441 ዓ.ም. ወደ ፍሎሬንስ ጉባኤ መልእክተኞች ልከው ነበር። ከዚያም ወዲህ ከኢየሩሳሌም በባሕር ተሻግረው የሐዋርያትን የጴጥሮስንና የጳውሎስን መቃብር ለመሳለም ወደ ሮማ የሚወርዱ ነጋድያን እየበዙ ሄዱ። ስለዚህ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ የሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከማደሪያው ጋር ለኢትዮጵያውያን ተሰጠ። ሮማውያንም ከዚህ የተነሣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ይሉታል። በዚያ ቤት መነኮሳቱ በግዕዝ ይቀድሱ፥ ዳዊት ይደግሙ፥ ይዘውት የመጡትንም መጽሐፍ ያኖሩ ነበር።

ከጀርመን አገር፥ ከኰሎኝ ከተማ፥ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል አንድ ካህን በሮማ ሳለ የእነዚህን መነኮሳት ጸሎት ሰምቶ ቋንቋውን ለማወቅ ተመኘ። ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የሚባሉ የአገራችን መነኵሴም አስተማሩት። ፖትከን በ1513 ዓ.ም. መዝሙረ ዳዊትን ከመኃልየ መኃልይ ጋር በሮማ አሳተመ። በግዕዝ ፊደል በማተሚያ የወጣ መጽሐፍ መዠመሪያው ይህ ነው። ነገር ግን ፖትከን በአንድ ነገር ተሳሳተ፤ ቋንቋውን ከለዳዊ ብሎ ጠራው። ስሕተቱም በአውሮጳ ሊቃውንት መካከል ተስፋፍቶ ብዙ ዘመን ኖረ። አንድ ሕዝብ የሚጸልይበትን ቋንቋ በሌላ ሕዝብ ስም መጥራት የልጅን ስም ለጎረቤት ልጅ እንደ መስጠት ነው፤ ልጁ ቢኖርም አባቱ አይታወቅም።

አባ ተስፋ ጽዮን ወደ ሮማ የደረሱት በ1530ዎቹ ዓመታት ነው። በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ተቀምጠው የወንድሞቻቸው አለቃ ሆኑ። በትምህርታቸውና በጠባያቸው ምክንያትም በከተማዪቱ ታላላቅ ሰዎች ዘንድ ተወደዱ። የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ጳውሎስ ሣልሳዊ በቸርነት ይረዷቸው ነበር። ካርዲናል ማርቼሎ ቼርቪኒ ደግሞ መጻሕፍትን በመሰብሰብና በማሳተም የታወቁ ሰው ስለ ነበሩ ለሥራቸው ትልቅ ደጋፊ ሆኑላቸው። እኒህ ካርዲናል በ1555 ዓ.ም. ለሮማ መንበር ተመርጠው ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያረፉት ናቸው። ሊቃውንቱም ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት፥ ስለ ነገሥታቷ፥ ስለ ፊደሏ የፈለጉትን ሁሉ ከአባ ተስፋ ጽዮን ይጠይቁ ነበር። እሳቸውም ሲጠየቁ መልስ በመስጠት ብቻ አልረኩም፤ ጠያቂው ራሱ አንብቦ እንዲያውቅ ማስተማር ዠመሩ።

ከዚህ በኋላ ትልቁን ሐሳብ አሰቡ፤ የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በሙሉ ለማሳተም ቈረጡ። ረዳቶቻቸው ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴ የሚባሉ ሁለት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነበሩ፤ በሮማም የመዠመሪያው ጳውሎስ፥ ሁለተኛው በርናርዶስ ተብለው ይጠሩ ነበር። ከሮማ ሊቃውንት ደግሞ የአሬጾው ሰው ጴጥሮስ ጳውሎስ ጓልቲዬሪና የሪዬቲው ሰው ማርያኖ ቪቶሪ ከጎናቸው ቆሙ። የማተሙን ሥራ የያዙት ቫሌሪዮና ሉዊጂ ዶሪኮ የሚባሉ፥ ከብሬሻ ከተማ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የዜማ ምልክት ያለባቸውን መጻሕፍት በማተም የታወቁ ናቸው፤ በ1554 ዓ.ም. የታላቁን የዜማ ሊቅ የፓሌስትሪናን የመዠመሪያ የቅዳሴ ዜማ መጽሐፍ ያተሙት እነርሱ ናቸው። ቤታቸው ብዙ ሠራተኛ ያለው ታላቅ ፋብሪካ አልነበረም፤ የእጅ ጥበብ ቤት ነበረ።

አንባቢ ሆይ፥ የዚህን ሥራ ጭንቅ ለማወቅ ፊደላችንን ቍጠር። የላቲን ፊደል ከ30 አይበልጥም፤ የእኛ ግን 26ቱ ፊደላት በ7 በ7 ሲዘረዘሩ 182 ይሆናሉ፤ በዚያ ላይ 20 ዲቃላዎች፥ አኃዞችና ነጥቦች አሉ። በዚያ ዘመን ሥርዐት እያንዳንዱ ፊደል አስቀድሞ በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ተገልብጦ ይቀረጻል፤ ብረቱ በመዳብ ላይ ተመትቶ ጕድጓድ ይሠራል፤ በጕድጓዱም እርሳስ ፈስሶ ብዙ አምሳያ ይወጣለታል። ከዚያ በኋላ ፊደል ለቃሚው አንድ በአንድ እያነሣ ቃሉን ከግራ ወደ ቀኝ፥ ግን ፊቱን ገልብጦ ይደረድራል። ካዕብን ከሣልስ፥ ራብዕን ከኃምስ የሚለየው አንዲት ትንሽ ቅጥል ስለ ሆነች፥ ፊደሉን የማያውቅ ለቃሚ በየመስመሩ ይሰናከላል። የዶሪኮም ሠራተኞች ግዕዝ ማንበብ አያውቁም ነበር፤ መነኮሳቱ ደግሞ የማተምን ጥበብ አያውቁም ነበር። አንዱ ያለ ሌላው አንድ መስመር ሊያወጣ አይችልም። አባ ተስፋ ጽዮን ይህን ነገር አልሸሸጉትም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ለአንባቢ በጻፉት ቃል፥ እኛና አታሚዎቹ እርስ በርሳችን የተረዳዳነው ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ሆነን ነው፥ ስለዚህ ስሕተት ብታገኙ ይቅር በሉን የሚል አሳብ አስፍረዋል።

የመጽሐፉ የመዠመሪያ ክፍል በ1548 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ያየው ሁሉ ለማተሚያ ያልተለመደ ውበቱን ያደንቃል። ጥቍርና ቀይ ቀለም በየገጹ ተራ በተራ ይታያል፤ ለዚህም አንዱ ወረቀት ሁለት ጊዜ፥ አንድ ጊዜ ለጥቍሩ አንድ ጊዜ ለቀዩ፥ ከማተሚያው በታች ማለፍ አለበት። ቃልን ከቃል የሚለዩት ሁለቱ ነጥቦች በየስፍራቸው ተቀምጠዋል። በእንጨት ላይ እየተቀረጹ የታተሙ ጌጦችና ሥዕሎችም አሉበት። ጌጡ የሮማ እጅ ቢኖርበትም፥ ሥርዐቱ የኢትዮጵያ ቁም ጸሐፊ ሥርዐት ነው። የደብራችን ልጅ በዕቃ ቤታችን ያለውን የብራና ወንጌል አይቶ ያንን የሮማ መጽሐፍ ቢያይ፥ ሁለቱ የአንድ አባት ልጆች መሆናቸውን ሳይነግሩት ያውቃል።

በርእሱ ገጽ ላይ በላቲን ቋንቋ የተጻፈው ማስታወቂያ መጽሐፉ ምን ምን እንደ ያዘ ይገልጣል። ሐዲስ ኪዳኑ ከጳውሎስ መልእክታት ለጊዜው የዕብራውያንን ብቻ ይዞ፥ የአውሳብዮስ ቀመር ታክሎበት፥ የወንጌላቱ ቃል ቍጥር ተመዝግቦበት ወጥቷል። መጽሐፈ ቅዳሴው ከዕጣንና ከሰም ቡራኬ ጋር ተጨምሮበታል፤ ፊደሉም ለተማሪ ተዘርዝሮ ቀርቧል። መጽሐፉ በሮማ በጳውሎስ ሣልሳዊ፥ በኢትዮጵያ በንጉሠ ነገሥት ገላውዴዎስ ዘመን፥ በደጋግ ሰዎች ርዳታ በጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ እጅ መታተሙም ተነግሯል።

ከዚህ ማስታወቂያ ሦስት ነገር ልብ ይባላል። መዠመሪያው፥ ሥራው የተፈጸመበትን ዘመን ሲነግሩ የሮማውን ሊቀ ጳጳሳት ብቻ ሳይሆን የአገራቸውን ንጉሥም ስም ጠርተዋል። ሮማ ያበላቻቸው ሰው በሮማ ታትሞ በሚወጣ መጽሐፍ ላይ ገና ከጦርነት ቍስል ያልዳነችውን አገራቸውን አልረሱም። ሁለተኛው የቋንቋው ስም ነው። ስሙ ግዕዝ መሆኑን በግዕዝ ፊደል ጭምር አጻፉ፤ ትርጓሜውም ነጻ ማለት እንደ ሆነ፥ ከሌላም ቋንቋ እንዳልተገኘ፥ ከለዳዊ የሚለው ግን የሕዝብ ልማድ እንደ ሆነ አስታወቁ። የዛሬ ሊቃውንት ግዕዝን ከሴማውያን ቋንቋዎች ቤተ ሰብ ይቈጥሩታልና፥ ከሌላ አልተገኘም የሚለው አነጋገር በዛሬ ምርመራ አይጸናም። ስሙን በሚመለከት ግን እውነቱ ከአባ ተስፋ ጽዮን ጋር ነው፤ ከፖትከን 35 ዓመት በኋላ የልጁን ስም ለአባቱ ቤት መለሱለት።

ሦስተኛው የቃሉ ቍጥር ነው። የአገራችን ጸሐፍት ወንጌልን ጽፈው ሲፈጽሙ የቃሉን ብዛት የሚመዘግቡበት ልማድ አላቸው። ይህ ለጌጥ የሚደረግ አይደለም፤ ከአንድ እጅ ወደ አንድ እጅ ሲገለበጥ የጐደለ ወይም የተጨመረ ቢኖር እንዲታወቅ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን ይህን ልማድ ወደ ማተሚያው አሸጋገሩት። በአደራ የተቀበለ ሰው ገንዘቡን ቈጥሮ እንደሚያስረክብ፥ እሳቸውም ቃሉን ቈጥረው አስረከቡ።

ነገር ግን ቈጥሮ የሚያስረክብ ሰው የጐደለውን መናገር ግድ ይሆንበታል፤ የአባ ተስፋ ጽዮንም ፈተና እዚህ ላይ ነው። የሐዋርያት ሥራ የተጻፈበት፥ በእጃቸው የነበረው የግዕዝ መጽሐፍ ጐደሎ ሆኖ ተገኘ፤ አብዛኛው ክፍል የለበትም። ከኢትዮጵያ ሌላ ቅጂ እንዳያስመጡ መንገዱ ሩቅና አስፈሪ ነበረ፤ በአገር ቤትም ከእሳት የተረፈውን ፈልጎ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ሦስት መንገድ በፊታቸው ነበረ። የሐዋርያትን ሥራ ጨርሶ መተው ይችላሉ፤ እንዲህ ቢያደርጉ ሐዲስ ኪዳኑ እጁ እንደ ተቈረጠ ሰው ይሆናል። ጐደሎውን ከሮማይስጥና ከጽርእ ተርጕመው ሞልተው ዝም ማለት ይችላሉ፤ እንዲህ ቢያደርጉ መጽሐፉ ለዐይን ሙሉ ይሆናል፥ አንባቢው ግን በማያውቀው ነገር ይታለላል። ሦስተኛው መንገድ ጐደሎውን ሞልቶ መሙላቱን መናገር ነው።

አባ ተስፋ ጽዮን ሦስተኛውን መረጡ። አብዛኛውን የሐዋርያት ሥራ በሮማ ሳሉ ከሮማይስጥና ከጽርእ ወደ ግዕዝ የመለሱት መጽሐፍ ስላጡ መሆኑን፥ በዚህም ጨምረን ወይም ቀንሰን እንደ ሆነ ይቅር በሉን፥ እናንተም የተሻለውን አርሙ የሚል አሳብ በዚያው መጽሐፍ ጻፉ። በደጋፊዎቻቸው ፊት ክብራቸውን የሚቀንስ ነገር ነበረ፤ ብዙ ገንዘብ የወጣበት፥ በጌጥ ያማረ፥ በሊቀ ጳጳሳት ስም የወጣ መጽሐፍ ውስጥ ጕድለትን ማስታወቅ ለማንም አይቀልም። ማንም አላስገደዳቸውም፤ በሮማ የግዕዙን የሐዋርያት ሥራ ከሌላ ቅጂ ጋር አስተያይቶ ሊይዛቸው የሚችል ሰው ከቶ ይገኝ ነበር ለማለት ያስቸግራል። የሚያውቁት ራሳቸውና ወንድሞቻቸው ብቻ ሳሉ ተናገሩ።

በሁለተኛው ዓመት፥ በ1549 ዓ.ም.፥ የቀሩት 13ቱ የቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት ታተሙ፤ የሐዲስ ኪዳኑም ሥራ በዚህ ተፈጸመ። በዚሁ ዓመት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የምታጠምቅበትና የምትቀድስበት ሥርዐት ወደ ላቲን ቋንቋ ተመልሶ፥ አንቶኒዮ ብላዶ በሚባል አታሚ ቤት በሮማ ወጣ፤ ይህም በአባ ተስፋ ጽዮን ትጋት የሆነ ነው። ጥቅሙም ግልጥ ነበረ። በዚያ ዘመን የአውሮጳ ሊቃውንት ስለ ኢትዮጵያ ክርስትና ከመንገደኛ ወሬ በቀር የሚይዙት አልነበራቸውም፤ ከዚህ በኋላ ግን ኢትዮጵያ እንዴት እንደምታጠምቅና እንዴት እንደምትቀድስ ከራሷ መጽሐፍ ማንበብ ቻሉ። ሊቀ ጳጳሳት ጳውሎስ ሣልሳዊም በዚያው በ1549 ዓ.ም. በኅዳር ወር ዐረፉ።

ስለ አባ ተስፋ ጽዮን ሲነገር አንድ ክርክር አይቀርም፤ እኛም ልናልፈው አይገባም። እሳቸው በሮማው ሊቀ ጳጳሳት ጥላ ሥር ኖረዋል፤ ከኢየሱሳውያን ማኅበር አለቃ ከኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ጋር ተዋውቀዋል፤ ወደ ኢትዮጵያ መልእክተኞች ስለሚላኩበትም ነገር ተነጋግረዋል። የማኅበሩ ካህናት በ1557 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገቡ፤ ነገሩ እያደር በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ብዙ ደም ያፈሰሰ ጠብ ሆኖ፥ በ1632 ዓ.ም. የቀደመው ሃይማኖት በዐዋጅ ተመለሰ። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሰው አባ ተስፋ ጽዮንን በጥርጥር ዐይን ያያቸዋል። በዚያ ነገር የነበራቸውን ድርሻ መካድ ለእውነት አይጠቅምም። ነገር ግን ሰውን ከሞተ ከ70 ዓመት በኋላ በሆነ ነገር መፍረድም ትክክል አይደለም። ግራኝ አገሩን በያዘበት ዘመን የፖርቱጋል ርዳታ ከአውሮጳ መምጣቱን የሰማ ስደተኛ መነኵሴ፥ ከዚያው ወገን ለአገሩ በጎ ነገር ቢጠብቅ አያስደንቅም። እኛም ሃይማኖታችንን ሳንለቅ ሥራቸውን እንደ ሥራ መመዘን እንችላለን፤ ሚዛኑም መጽሐፋቸው ነው።

አባ ተስፋ ጽዮን በ1550ዎቹ መጀመሪያ ላይ፥ ገና ሳያረጁ፥ በባዕድ አገር ዐረፉ። መታሰቢያቸው የተቀረጸበት ድንጋይ በዚያው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ ቤተ ክርስቲያኑም ዛሬ በቫቲካን ከተማ ውስጥ ቆሞ ይታያል። ደብረ ሊባኖስን ዳግመኛ ስለ ማየታቸው የተነገረ ነገር የለም።

ዘራቸው ግን በቀለ። ግዕዝን ከእሳቸው የተማረው ማርያኖ ቪቶሪ በ1552 ዓ.ም. በሮማ የግዕዝን ሰዋስው አሳተመ፤ ይህም በአውሮጳ በማተሚያ የወጣ የመዠመሪያው የግዕዝ ሰዋስው ነው። ቪቶሪ በኋላ ጳጳስ ሆኗል። ከመቶ ዓመት በኋላ በለንደን ብርያን ዋልተን ከ1653 እስከ 1657 ዓ.ም. መጽሐፍ ቅዱስን በብዙ ቋንቋ ጎን ለጎን ሲያሳትም፥ የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን የወሰደው ከአባ ተስፋ ጽዮን መጽሐፍ ነበር። በዚያው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት በ1649 ዓ.ም. የጀርመኑ ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ፤ ከዚያም ግንኙነት የሰዋስውና የመዝገበ ቃላት፥ የታሪክም መጻሕፍት ተወለዱ። የኢትዮጵያ ትምህርት በአውሮጳ የቆመው በዚያች ትንሽ የመነኮሳት ቤት ደጃፍ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚያ የታተመ መጽሐፍ ስሕተትም አብሮ ተጓዘ። በሮማ ፊደል ለቃሚ የሳተው በለንደን እንደ ገና ታተመ፤ በለንደንም ሌላ ስሕተት ተጨመረበት። በብራና የተሳሳተ ጸሐፊ አንድ መጽሐፍ ያበላሻል፤ በማተሚያ የተሳሳተ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ መቶ መጽሐፍ ያበላሻል። ነገር ግን ስለ ሐዋርያት ሥራ የተጻፈችው ያች አጭር ማስታወቂያ ሊቃውንቱን ከትልቅ ስሕተት ጠበቀቻቸው። የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን የሚመረምር ሰው ዋና ዋጋው ጥንታዊ ትርጓሜ መሆኑ ነው፤ በብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከጽርእ የተመለሰ ስለ ሆነ፥ በዚያ ዘመን የነበረውን የጽርእ ንባብ ይመሰክራል። በሮማ በ16ኛው መቶ ዓመት ከላቲን የተመለሰው ክፍል ግን እንዲህ ያለ ምስክርነት የለውም። አባ ተስፋ ጽዮን ዝም ቢሉ ኖሮ አዲሱ ንባብ በጥንታዊው ስም በሐሰት ሲመሰክር ይኖር ነበር። ስለ ተናገሩ ግን መርማሪው ወደ ብራናዎቹ ተመልሶ እውነተኛውን ፈለገ፤ ከእሳት የተረፉ የጥንት ቅጂዎችም ስላሉ አገኘው።

በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ሰምና ወርቅን ለይቶ ማየት ይለምዳል። በዚህ መጽሐፍ ሰሙ ቀዩና ጥቍሩ ቀለም፥ የእንጨቱ ቅርጽ፥ ያማረው ርእስ፥ የታላላቆቹ ስም ነው፤ ወርቁ ግን ያች ጕድለትን የምትናገር ጥቂት መስመር ናት። ጌጡ ዐይንን ይጠራል፤ እውነተኛው ቃል ግን መጽሐፉን ለሚመጣው ትውልድ የታመነ ያደርገዋል። ጌጥ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ዛሬ ያ መጽሐፍ በሙዚየም የሚታይ ዕቃ ሆኖ ይቀር ነበር።

ይህን ታሪክ ለዚህ በዓል የመረጥሁት ለእኛም የቀረበ ነገር ስላለበት ነው። በየደብሩ ዕቃ ቤት ቅጠላቸው የወደቀ፥ መዠመሪያቸው ወይም መጨረሻቸው የጠፋ መጻሕፍት አሉ። አንዳንዱ የወደቀውን ቅጠል ከሌላ መጽሐፍ ገልብጦ ሲያስገባ ከየት እንደ ገለበጠ አይጽፍም፤ አንዳንዱ የቀደመውን የባለቤት ስም ፍቆ የራሱን ያኖራል፤ አንዳንዱም ያረጀውን ብራና አዲስ የታተመ መጽሐፍ ገዝቻለሁ ብሎ ይጥለዋል። እንዲህ ያለው ሥራ እሳት ሳይነካው መጽሐፍን ያጠፋል። መጽሐፍ የሚጠግን ካህን የጠገነበትን ዘመንና ምክንያት በባዶው ቅጠል ላይ በጥቂት ቃል ይጻፍ፤ የገለበጠ ከየትኛው እንደ ገለበጠ ይናገር፤ የዕቃ ቤቱ ሹምም ያለውንና የጐደለውን ቈጥሮ በመዝገብ ያኑር። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ልጆቻችን የምናወርሳቸውን መጽሐፍ የሚያምኑት ያን ጊዜ ነው።

አባ ተስፋ ጽዮን ከተቃጠለ ገዳም የወጡ፥ በሰው አገር የኖሩ፥ ማተም የማያውቁ መነኵሴ ነበሩ። በነበራቸው ሠሩ፤ ያልነበራቸውን ደግሞ አልሸሸጉም። የቅዱሳት መጻሕፍት አምላክ ለእሳቸውና ለረዳቶቻቸው ዕረፍትን፥ ለደብራችን ካህናትና ምእመናን ደግሞ የተቀበሉትን አደራ ሳያጐድሉ የማስረከብን ጸጋ ይስጥ። አሜን።